የበሬው ጨው

ዛሬ ጠዋት ቀስቷ ጠፋች።

ቀስት የምላት በላብራቶሪ ወረቀት ላይ፣ ሶዲየም ከሚለው ቁጥር ጎን፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ የምትቀመጥ ትንሽ ምልክት ናት። የደም ጨው አንሷል ማለት ነው። አንድ ወር ያህል አያቴ ደማቸውን በተመረመሩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነበር። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ደስ ሊለኝ ሲል እሷ እዚያው ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። ዛሬ ወረቀቱን በመስኮት ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ገልብጬም አየሁት። የለችም። ዶክተሯም አንብባ "አሁን ደህና ናቸው" አለችኝ።

አያቴ ኮሪደሩ ላይ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ይጠብቁኝ ነበር። በሆስፒታል ውስጥ እንደማይሮጥ አውቃለሁ፣ ግን ሮጥኩ።

"አባባ፣ ቀስቷ ጠፋች!"

"የት ሄደች?" አሉኝ ረጋ ብለው፣ የጎረቤት ዶሮ የጠፋች ይመስል። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። ቤት እስክንደርስ ባጃጁ ውስጥ አጣጥፈው እንደያዙት ነበር። ልንወርድ ስንል ወደ እኔ ዞር አሉ። "እንግዲህ ይህንንም ጻፊው፣ ጸሐፊዬ። ያኛውን ጽፈሽ የለ?"

ያኛውን ሲሉ ፈገግ ብለዋል። እኔ ግን ያኛውን ሳልናገር ይህንን መጻፍ አልችልም።

አያቴ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። ማንበብ የተማሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ፣ ለተጻፈ ነገር ያላቸው ክብር ሌላ ነው። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳያነቡ አይጥሉም። አራተኛ ክፍል ሆኜ "አያቴ ደግ ናቸው" ብዬ የጻፍኩባትን ብጣሽ ወረቀት እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ይዘዋታል። ጸሐፊዬ ማለት የጀመሩትም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው በወላይታቶ ነው፤ እዚህ ያሉትን ሁሉ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የማወራላችሁ፤ እሳቸው ሲናገሩት ከዚህ የበለጠ እንደሚያምር እመኑኝ።

ቤታችን ከሶዶ መሀል በባጃጅ ወደ ዳር ወጣ ይላል። ጓሮው እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ ጥግ ደግሞ የአያቴ በሬ ይታሰራል። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን ማለት ነው፣ የሚደልብ በሬ። በእኛ አገር የሚደልብ በሬ እንደ ሙሽራ ነው የሚያዘው፤ አይሠራም፣ ሣሩ ተሸክመው ያመጡለታል፣ የስኳር ድንች ቅጠል በእጅ ያጎርሱታል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ጨው ይልሳል፤ ጨው ከላሰ ይጠማዋል፣ ከጠጣ በኋላም የመብላት ፍላጎቱ ይከፈታል። ይህን ጨው ከመዳፋቸው የሚያልሱት አያቴ ናቸው። ሌላ ሰው አያስነኩም።

ሚያዝያ ላይ ጉልበታቸውን ሊታዩ ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የጤና ባለሙያው ሦስት ነገር ነገረን። በየጠዋቱ አንድ ኪኒን፣ ውሃና ጨው በሽንት የምታስወጣ። ጨው ቀንሱ። ከወር በኋላ ደግሞ ለደም ምርመራ ተመለሱ። እናቴም እኔም እዚያው ቆመን ሰምተናል። እናቴ ግን ቦዲቲ ነው የምትሠራው፤ ማለዳ በሚኒባስ ሄዳ ሲመሽ ትመለሳለች፤ መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመታቸውን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ ቅዳሜም የላትም። "አባባን አደራ" አለችኝ። ይህን ቃል ስሰማ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

የዚያኑ ቀን ወፍራም ወረቀት ገዝቼ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ "የአባባ ጤና ደንብ" ጻፍኩ። ቀዩ ለክልክሎቹ ነበር። ጨው በፍጹም አይበላም። ዳጣ አይበላም፣ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ በጨው ስለሚፈጭ። የቅጠል ቡና ጨው ካለው አይጠጣም። ሰማያዊው ለትእዛዞቹ፤ ኪኒን ጠዋት ጠዋት፣ ውሃ ደግሞ በትልቁ ኩባያ በቀን አሥር። ውሃውን ማንም አላዘዘኝም። ውሃ ለጤና ጥሩ ነው ሲባል ስለሰማሁ ከራሴ ጨመርኩት። ጨውንም ባለሙያው ቀንሱ ነበር ያለው፤ እኔ ግን ለምትወጂው ሰው ግማሽ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል ብዬ በፍጹም አደረግኩት። የደም ምርመራውን ቀጠሮ አልጻፍኩትም። እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወረቀቱ ሞልቶ፣ አምሮም ስለነበር ይመስለኛል።

ከአያቴ መቀመጫ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አያቴ ሁለቴ አነበቡት። በማግስቱ ሊጠይቋቸው ለመጡ ሰዎች እኔን አስነስተው ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። በሕይወቴ የጻፍኩት ነገር እንደ ሕግ ሲከበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አሥር ኩባያ ካልኩ አሥር ነው። ዘጠነኛው ላይ ሲከብዳቸው ወደ ግድግዳው ቀና ይሉና "ተጽፏል" ብለው አሥረኛውን ይጨርሳሉ።

የቅጠል ቡናው ነበር የከበዳቸው። በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት ሰው የሚሰበሰበው ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እማማ ቤት ነው። እማማ የቡናውን ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር በትልቅ ድስት ያፈሉታል፤ ጨውም እዚያው ድስቱ ውስጥ ነው የሚገባው። አንዴ ከገባ የማንን ኩባያ ከማን ትለያለህ? ስለዚህ አያቴ መሄድ ተዉ። ጎረቤቶቹ ሳቃቸው አጥሩን አልፎ ሲሰማ አያቴ ከኩባያ ውሃቸው ጋር በራፍ ላይ ይቀመጣሉ። እማማ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ሰደቡኝ።

"አንቺ የጨው ፖሊስ! ሽማግሌውን መቼ ነው የምትፈቺልን?"

"ግፊታቸው ሲወርድ፣ እማማ።"

"የኛ ግፊት ወጣ እኮ በአንቺ!"

ሳቅኩ። አያቴም ሳቁ። እኔ ግን በልቤ ኮርቼ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አያቴ ምግብ ቀነሱ። ጨው የሌለው ቦይና፣ ያው ጎደሬ ማለት ነው፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ሳህኑን በቀስታ ገፋ ያደርጉታል። ያቅለሸልሻቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ እግራቸው ይደክማል። ኪኒኑ መሥራት ስለጀመረ ነው እላቸዋለሁ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቁኝ። ውሃ ይጠጡ፣ ያድሳል እላለሁ፤ ይጠጣሉ። አንድ ቀን የበሬውን ገመድ ቋጠሮ መፍታት አቅቷቸው ቆመው ሲያዩት አገኘኋቸው። ስድሳ ዓመት የቋጠሩትን ቋጠሮ። ዕድሜ ነው አልኩ ለራሴ።

በዚያው ሳምንት አመሻሽ ላይ ከእንሰቱ ጀርባ ደረስኩባቸው። በሬው ከመዳፋቸው ጨውን ይልሳል። ከዚያ እጃቸውን ከበሬው አፍ ወሰዱና፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ የቀረውን ራሳቸው ላሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው።

"አባባ! የበሬውን ጨው?"

ደንግጠው እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ፣ ልክ እንደ ልጅ። ከዚያ ወደ በሬው አዩ። "እሱ ፈቅዶልኛል" አሉ።

አልሳቅኩም። ምን ያህል እንደሚጎዳቸው ነገርኳቸው፣ አያፍሩም ወይ አልኳቸው፣ ለእርስዎ ብዬ እንጂ ለእኔ ምኔ ነው አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ ወደ በርሜሉ ወሰድኩና ጣት በጣት አጠብኩት። ዝም ብለው ታጠቡልኝ። ከዚያ ገብቼ በቀይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የበሬውን ጨው ከዛሬ ጀምሮ የምታልሰው የልጅ ልጅ ናት። አያቴ አነበቡት። "ተጽፏል" አሉ።

ከዚያ በኋላ አምስተኛው ቀን ነው። ዝናብ ነበር፤ እናቴ ወደ ቦዲቲ ሄዳለች፤ እኔ ለፈተና እያጠናሁ ነው። አያቴ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የቀኝ ጫማቸውን ግራ እግራቸው ላይ ሊያስገቡ ይታገላሉ። ልረዳቸው ስንበረከክ ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅን መንገድ ላይ ሲያገኝ የሚጠይቀው ነው፤ የማን ልጅ፣ የየትኛው ጎሳ። ስለዚህ ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። እሳቸው ግን መልሱን እየጠበቁ ነበር። እንደገና ጠየቁኝ፣ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ ልጅ። መልስ ሳልሰጣቸው ሰውነታቸው ተገትሮ ወደ ጎን ወደቁ፣ ተንቀጠቀጡም። የጮኸው ሰው እኔ መሆኔን ያወቅኩት እማማ በጭቃው ውስጥ ያለ ጫማ ሲደርሱ ነው።

ባጃጅ አስቁመን ጫንናቸው። እማማ መድኃኒታቸውን ያዢ ሲሉኝ ኪኒኑን ያዝኩ፤ ከግድግዳው ላይ ደግሞ ደንቡን ገንጥዬ አጣጠፍኩት። የሚበሉትም የሚጠጡትም እሱ ላይ ስላለ ለሐኪም ይጠቅማል ብዬ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያም ሰዓት ትንሽ ኩራት ነበረብኝ።

ሆስፒታል እንደገባን ደም ወሰዱ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ እየቸኮለች ትራመዳለች፣ ስታወራ ግን አትቸኩልም። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ስትለኝ ኪኒኑን ሰጠኋት። ምን ይበላሉ ስትለኝ ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ቆማ አነበበችው። ስትጨርስ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

"ይህ ኪኒን ሲጀመር የደም ምርመራ ቀጠሮ ይሰጣል" አለች። "የት አለ?"

እማማ እኔን አዩኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁት። አስታወስኩ። ወሩ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ዶክተሯ የላብራቶሪውን ውጤት ይዛ ስትመለስ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ቀስቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ጨው፣ ሶዲየም የሚባለው፣ ውሃ በሰውነታችን ውስጥ የት መሆን እንዳለበት የሚጠብቅ ነው አለችኝ። እሱ ሲሳሳ ውሃው ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት ይገባና ያብጣሉ። ሌላው አካል ቢያብጥ ቦታ አለው፤ አንጎል ግን አጥንት ውስጥ ስለሆነ መሄጃ የለውም። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ድካሙ፣ ቋጠሮ መፍታት አለመቻሉ፣ ሰው አለመለየቱ፣ መውደቅና መንቀጥቀጡ ሁሉ ከዚያ ይመጣል፤ ካልተደረሰበትም ይገድላል። ኪኒኗ ሶዲየሙን በሽንት ስታስወጣ፣ ምግባቸው ሲቀንስ፣ አሥሩ ኩባያ ደግሞ የቀረውን ሲያቀጥነው ነው እዚህ የደረሱት። አንዱ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ይችሉት ነበር። በሸመገለ ሰው ሦስቱ አንድ ላይ ከባድ ነው።

የበሬውን ጨው ነገርኳት። መደበቅ እችል ነበር፤ ከእኔና ከበሬው በቀር ያየ የለም። እጃቸውን እንዳጠብኩም ነገርኳት። ዶክተሯ በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል፣ ግን አንዳንዴ ሰውነት የጎደለውን እንደሚጠይቅ ነገረችኝ። አልቅሼ ስጨርስ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

"እንዲህ የሚጠነቀቅላቸው ሰው ስላለ ደስ ብሎኛል" አለች። "ከእንግዲህ ግን የማታውቂውን ጠይቀሽ ጻፊ።"

እኔ ቶሎ ጨው ስጧቸውና ይንቁ ነበር የምለው። እሷ ግን በመርፌ ትንሽ ሰጥተው፣ ከዚያ ጠብታ በጠብታ፣ ደም እየመረመሩ ነው የሚሄዱት አለች፤ ሶዲየሙ በአንዴ ከፍ ካለ አንጎል በሌላ መንገድ ይጎዳልና። ኪኒኗን አቆሙ። ውሃቸውም በልክ ሆነ። ማዘዝ የለመድኩት እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ማድረግ የምችለው ነገር ጠብታዋን ማየት ብቻ ነበር። እናቴ ሥራዋን ትታ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። የማረፊያዋን ሰዓት ሁሉ ቦዲቲ ስታሳልፍ ቀጠሮውን እሷም እንደረሳች ነገረችኝና እጄን ያዘች። "አንቺ ላይ ብቻ መጣል አልነበረብኝም" አለች።

ሁለተኛው ቀን ሲገባደድ አያቴ ዓይናቸውን ከፈቱ፣ ግን ዝም ብለው ጣሪያውን አዩ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

"በሬው በላ?"

በልቷል አልኳቸው፣ እማማ እያበሉት ነው። ደግሞ ትኩር ብለው አዩኝ። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ የአያቴ ከንፈር ዳር ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁት።

"የእኔ ጸሐፊ አይደለሽም እንዴ?"

አንገታቸው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱ ነው እንዲህ ያደረገዎት፣ ውሃውን ከራሴ ነው ያመጣሁት፣ ቀጠሮውን ረሳሁት፣ ከእንግዲህ አልጽፍም አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።

"እኔም አንብቤ አልጠየቅኩም" አሉ። "ሁለታችን ነን። አሁን ደህና አድርገሽ ጻፊው።"

እናም ጻፍኩት። በዚህኛው ወረቀት ላይ ከዶክተሯ ያልጠየቅኩት አንድም ቃል የለም፤ የተቀየረው ኪኒን፣ የውሃው ልክ፣ የቀጠሮው ቀን ከሁሉም በላይ በትልቁ። ጨው ጋ ስደርስ አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ዶክተሯ ጨው ጠላት አይደለም፣ ግፊታቸው ግን አሁንም አለና እንደ ድሮው እፍኝ እፍኝ አይሆንም ብላለች። ስለዚህ "ትንሽ" ብዬ ጻፍኩ። "ትንሽ ስንት ናት?" አሉኝ። በሻይ ማንኪያ ጫፍ አሳየኋቸው። "ከምንም ይሻላል" አሉ።

የድስቱን ነገር የፈቱት እማማ ናቸው። ቅጠሉን አሁን ያለ ጨው ያፈሉታል፤ ጨው በትንሽ ቅል ሆኖ ይዞራል፣ ሁሉም ለኩባያው ራሱ ይጨምራል። መጀመሪያ ቀን ያጉረመረመ ብዙ ነበር። ጨው አብሮ ካልፈላ ቅጠል አይባልም ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። እማማ "እንግዲያው ከበሬው ጋር ሄደው ይላሱ" አሏቸው፤ የበሬው ወሬ በአጥሩ አልፎ ለካ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። አያቴ ከሁሉ በላይ ሳቁ። ቅሉ እሳቸው ጋ ሲደርስ ሁሉም ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ደግሞ ወደ ቤቱ ጣሪያ አያለሁ።

ዛሬ ከሆስፒታል ስንመለስ አያቴ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጓሮ ነው። ጨው በመዳፌ ላይ አድርገው እጄን ከታች ደግፈው ለበሬው አቀረቡት። ምላሱ እንደ ሞረድ ይሻክራል። "እንግዲህ በደንቡ መሠረት የምታልሺው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከበስተኋላዬ ቆመው አነበቡትና ለአንባቢዎቼ አንድ መልእክት እንዳደርስ አዘዙኝ። ቅዳሜ ጠዋት እማማ ቤት ኑ ብለዋል። አጥሩ ላይ ቀይ አበባ ያለበት ነው፤ ሳቅ ከሰማችሁ ደርሳችኋል። አያት ያላችሁ፣ ወይም ግፊት አለባቸው ተብለው በየጠዋቱ ኪኒን የሚውጡ እናትና አባት ያላችሁ፣ እነሱን ይዛችሁ ኑ። ራሳቸውን ካመማቸው፣ ምግብ ካስጠላቸው፣ ወይም ስማችሁን ከረሱ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፤ እኔ ዕድሜ ነው ብዬ ቆይቻለሁ፣ እናንተ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ደህና ከሆኑ ደግሞ ኪኒናቸውን ከነማሸጊያው፣ የቀጠሮ ወረቀታቸውንም ይዘው ይምጡ። አብረን እናነበዋለን፤ ያልገባንንም ጽፈን ዶክተሯን እጠይቅላችኋለሁ። ቅጠሉ ትኩስ ይሆናል። ቅሉ ሲዞር ለራሳችሁ ትጨምራላችሁ፣ ትንሽ።